ጋርጎይል እንዴት ይታያል? መጀመሪያ አፉን ፈልጉ

አሮጌ ካቴድራል ስር ቆማችሁ ቀና ስትሉ፣ አንገቱን አስግጎ የሚያፈጥባችሁ የድንጋይ ጭራቅ አለ አይደል? ፎቶ አንስታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት አፉን እዩት። ውሃ የሚያወጣ ቀዳዳ ካለው ጋርጎይል ነው። ከሌለው የፈለገውን ያህል ቢያስፈራ ጌጥ ብቻ ነው፤ የሙያው ሰዎች ግሮቴስክ ይሉታል።

ጋርጎይል እኮ በአጭሩ አሸንዳ ነው። ስሙም የመጣው ጉሮሮን ከሚያመለክት የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ብዙዎቹ ጀርባቸው ላይ እንደ ቦይ የተፈለፈለ መስመር ስላላቸው፣ ከፍ ያለ ቦታ ካገኛችሁ እሱን ፈልጉ፤ የጣሪያው ውሃ በዚያ ገብቶ በጉሮሮው ያልፍና ከግድግዳው ርቆ ይወረወራል። አንገቱ የረዘመውም ለዚሁ ነው። ውሃው ግድግዳውን እየላሰ ቢወርድ በድንጋዮቹ መሀል ያለውን ኖራ ቀስ በቀስ አጥቦ ይጨርሰው ነበር።

እንግዲህ ምርጡ ሰዓት ዝናብ ሲጥል ነው። (እኔ ሞኙ ፀሐይ እስኪወጣ እጠብቅ ነበር።) ዛሬ ብዙዎቹ ሥራቸውን በቧንቧ ተነጥቀዋል፣ ግን ደረቅ ቢሆኑም ከንፈራቸው ስር የጠቆረ ወይም የድንጋይ ሽበት ያበቀለ ዱካ ካያችሁ ድሮ ሲተፉ እንደኖሩ ታውቃላችሁ።

አንድ ወጥመድ አለ። ፓሪስ ኖትርዳም ላይ ጉንጩን በእጆቹ ደግፎ፣ ምላሱን አውጥቶ ከተማዋን የሚያየው ባለ ክንፍ ፍጡር ጋርጎይል አይደለም! ውሃ አይተፋም። የመካከለኛው ዘመንም አይደለም፤ ፈረንሳዊው አርክቴክት ቪዮሌ ለ ዱክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካቴድራሉን ሲያድስ የጨመረው ነው።

ቀልዱን ለማግኘት ደግሞ ቢኖኩላር ያዙ፣ ካልሆነም የስልካችሁን ካሜራ ዙም አድርጉ፤ ጠራቢዎቹ የተጫወቱት ከታች በማይታይበት ከፍታ ላይ ነው። ዋሽንግተን ብሔራዊ ካቴድራል ማማ ላይ የዳርዝ ቬደር ጭንቅላት አለ፣ አዎ የስታር ዋርስ ፊልሙ! እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለልጆች ከተዘጋጀ የንድፍ ውድድር የመጣ ሐሳብ ነው። የእኔ ምርጥ ግን ጀርመን ፍራይቡርግ ካቴድራል ላይ ያለው ነው። እሱ ወደ ውጭ ያዞረው ፊቱን ሳይሆን መቀመጫውን ስለሆነ፣ አፉን ፈልጉ ያልኳችሁ እሱ ጋ አይሠራም። ውሃው በየት እንደሚወጣ ገምቱ።