የማዳጋስካር በረሮ ርባታ፦ በብርድ ወራት የሚያልቁ ግልገሎችና ሌሎች ችግሮች

ከኅዳር እስከ የካቲት የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው ሁለት ናቸው። አንደኛው «ግልገሎቹ ገለፈታቸውን መጣል ጀምረው መሀል ላይ እየቀሩ ይሞቱብኛል» የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «ሴቶቹ ሆዳቸው ሰፍቶ ለወራት ቆዩ፣ አንድ ልጅ ግን አላየሁም» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ ነገሩን እንደ ሁለት የተለያየ በሽታ ያዩታል። ሲነካ «እስ» የሚል ድምፅ የሚያሰማውን የማዳጋስካር በረሮ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በአፓርታማ ውስጥ ማርባት ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆኖኛል፤ በራሴም በወዳጆቼም ሳጥን ውስጥ ደጋግሜ ያየሁት ግን ሁለቱም ከአንድ ጉድለት እንደሚመጡ ነው፦ ሳጥኑ ከታች ይቃጠላል፣ ከላይ ይደርቃል። ስለዚህ ሰፊውን ቦታ ለዚህ ጉድለት እሰጣለሁ፤ ወንድና ሴት መለየትን፣ የእንቁላል ካርቶን መደርደርንና የዕለት መኖ መስጠትን አንባቢ ያውቀዋል ብዬ አልፈዋለሁ።

ገለፈት ላይ መቅረትና መጨንገፍ

ምልክቱን ለይቶ ለማወቅ አስቀድሞ ጤነኛው ምን እንደሚመስል ማየት ይበጃል። ጤነኛ ግልገል ጊዜው ሲደርስ መብላት ይቀንስና ካርቶኑ ላይ ጸጥ ብሎ ይንጠለጠላል፤ ጀርባው ከአንገቱ ጀምሮ በመሀል መስመር ይሰነጠቅና እንደ ወተት የነጣ፣ ዓይኑ ብቻ የጠቆረ አካል ቀስ እያለ ይወጣል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቀለሙ ወደ ቡናማ ይመለሳል፤ የጣለውንም ገለፈት ብዙ ጊዜ ራሱ ይበላዋል። ለአካለ መጠን እስኪደርስ ድረስ ይህን 6 ጊዜ ያህል ይደግመዋል። በደረቀ ሳጥን ውስጥ ግን ስንጥቁ ይጀመርና ይቆማል፤ ነጩ ጀርባ ይታያል፣ እግሮቹና አንቴናው ከአሮጌው ቆዳ አይላቀቁም፣ ሲነጋም ያ ነጭ ጀርባ ተጨማዶና ደርቆ ይገኛል።

ወደ ሴቷ ስንመጣ፣ ይህ በረሮ እንቁላሉን ውጭ ጥሎ የሚሄድ ዓይነት አይደለም። ሴቷ የእንቁላሉን ከረጢት ወደ ውጭ ካወጣች በኋላ መልሳ ወደ ሆዷ ታስገባዋለች፤ እንደ ሙቀቱ ሁኔታ 2 ወር ገደማ ተሸክማው ከቆየች በኋላ በአንድ ጊዜ ከ15 እስከ 40 የሚደርሱ ሕያው ልጆችን ትወልዳለች። ስለዚህ ከረጢቱ ለጥቂት ጊዜ ከኋላዋ ብቅ ብሎ ቢታይ አይደንግጡ፣ አይንኳትም። ወለሉ ላይ ወድቆ የተገኘ፣ እንደ ማበጠሪያ የተሸነሸነ ቢጫማ ከረጢት ግን የጨነገፈ ነው። ይፈለፈላል ብለው በጥጥ ጠቅልለው የሚያስቀምጡት አሉ፤ አይፈለፈልም። ገና የመጀመሪያዋ የሆነች ወይም በቅርቡ ከቦታ ቦታ የተጓጓዘች ሴት አንድ ጊዜ ብታስጨነግፍ አያሳስብም። ሦስት አራት ሴቶች በአንድ ወር ውስጥ ካስጨነገፉ ግን ጥፋቱ የሳጥኑ ነው።

መንስኤው እንዲህ ነው። በረሮው በትውልድ አገሩ በማዳጋስካር የሚኖረው በጫካ ወለል ላይ፣ በበሰበሰ ግንድና በረገፈ ቅጠል መካከል ነው፤ ሙቀቱም እርጥበቱም ያለው እዚያው ነው። በብርድ ወራት የአፓርታማው ማሞቂያ ቀንና ሌሊት ሲሠራ የቤቱ አየር ይደርቃል፤ ከንፈራችንን የሚሰነጥቀው አየር ያንን ሳጥንም ያደርቀዋል። ባለቤቱ ይበርዳቸዋል ብሎ ማሞቂያ ምንጣፍ ይገዛና ከሳጥኑ ሥር ያነጥፋል፣ ክዳኑም ሙሉ በሙሉ ወንፊት ስለሆነ የተረፈችው እርጥበት በላይ በኩል ታመልጣለች። በረሮ ሲጨንቀው የሚሸሸው ወደ ታችና ወደ ጨለማ ነው፤ እዚህ ግን ታች ያለው ከሁሉም የባሰው ደረቅና ትኩስ ቦታ ነው። በተፈጥሮው መሸሸጊያው የሚሆነው ቦታ ወጥመድ ይሆንበታል ማለት ነው።

በመጀመሪያው የብርድ ወቅቴ በ3 ሳምንት ውስጥ 23 ግልገሎች አልቀውብኛል። መጀመሪያ ምግቡን ጠረጠርኩና ለወጥኩት፤ ቀጥሎ ቅንቅን ነው ብዬ ሳጥኑን አጠብኩት፤ በመጨረሻም ዘሩ ደካማ ነው ብዬ ከሌላ አርቢ ሌሎች ገዛሁ፣ እነሱም ሞቱ። በዚህ ሁሉ ጊዜ መስታወቱ ላይ የተለጠፈው መለኪያ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እያለ ያጽናናኝ ነበር። አንድ ማታ የታችኛውን ካርቶን ሳነሳው እንደ ድርቆሽ እጄ ላይ ተሰባበረ። ሽቦ ያለው የሙቀት መለኪያ ተውሼ ጫፉን ካርቶኑ የነበረበት ቦታ ላይ ባስቀምጠው 41 ዲግሪ አሳየ። መለኪያው አልዋሸም፤ የሚለካው ግን በረሮዎቹ የማይኖሩበትን ከፍታ ነበር።

መፍትሄው ከመለኪያ ይጀምራል። ክብ ሆነው ቀስት ያላቸው ርካሽ የእርጥበት መለኪያዎች ለዓመታት አስቸግረውኛል፤ አንድ ወዳጄ ሳጥኑ ውስጥ 65 ከመቶ እርጥበት አለ ብሎ ሲከራከረኝ፣ የእኔን ጎን ለጎን ብናስቀምጠው 30 ሆኖ ተገኘ። ማንኛውንም መለኪያ ከማመንዎ በፊት በጨው ይፈትኑት። በጠርሙስ ክዳን ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ የገበታ ጨው ያድርጉና እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ድረስ ጥቂት የውኃ ጠብታዎች ይጨምሩበት፤ ጨው መሟሟት የለበትም። ክዳኑንና መለኪያውን በአንድ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አየር እንዳይወጣ አድርገው ዘግተው ሌሊቱን ያሳድሩት። ጠዋት 75 ከመቶ ማሳየት አለበት። 70 ካሳየ 5 እንደሚያጎድል አውቀው ይጠቀሙበት፤ 50 ካሳየ ይጣሉት።

ቀጥሎ ምንጣፉን ከሥር ያውጡና ከሳጥኑ በአንዱ ጎን ላይ ይለጥፉት፤ የሚያሞቀው ከሳጥኑ አንድ ሦስተኛውን ያህል ብቻ ይሁን፣ ተቃራኒው ጫፍ ቀዝቀዝ ብሎ ይቆይ። በረሮው ራሱ የሚስማማውን እየመረጠ ይንቀሳቀሳል። ያለ ቴርሞስታት (ሙቀቱ ከተሞላለት ልክ ሲደርስ ማሞቂያውን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ) የሚሸጥ ማሞቂያ ምንጣፍ ግማሽ ዕቃ ነው፤ ቴርሞስታት ለመግዛት ገንዘቡ ካልበቃ ምንጣፉንም አይግዙ። የቴርሞስታቱን ጫፍ በሞቃቱ በኩል፣ በረሮዎቹ በሚያርፉበት የካርቶን ከፍታ ላይ አስቀምጠው 29 ዲግሪ ላይ ይሙሉት። ከ27 እስከ 32 ባለው ሙቀት ይራባሉ፤ ከ21 በታች ሲወርድ በሕይወት ቢቆዩም መውለዱ ይቀራል።

ለእርጥበቱ የወንፊቱን ክዳን ሁለት ሦስተኛ በፕላስቲክ ወይም በመስታወት ይሸፍኑት፣ ቀሪው ለአየር ይተው። ወለሉ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የኮኮናት ቃጫ ያድርጉና በቀዝቃዛው በኩል ብቻ ያርጥቡት። ልኩን በእጅዎ ያውቁታል፤ አንድ ጭብጥ ጨምቀው ሲለቁት ቅርጹን ይዞ ከቆየና ጠብታ ካልወጣው በቂ ነው። ውኃ የሚንጠባጠብ ከሆነ አብዝተዋል፣ ወደሚቀጥለው ችግር እየሄዱ ነው። በካርቶኖቹ መካከል የሚለካው እርጥበት ከ60 እስከ 70 ከመቶ ይሁን። ጥልቀት የሌለው የውኃ ሳህን ግልገሎቹ እንዳይሰምጡ ጥጥ ተደርጎበት ሁልጊዜ ይኑር፤ ደረቅ መኖ ብቻ የሚበላ ግልገል ሰውነቱ ውኃ ስለሚያንሰው አሮጌውን ቆዳ ተጣጥሮ ለመፈልቀቅ አቅም አይኖረውም።

ገለፈቱ ላይ ቀርቶ የተገኘውን ግልገል አይጎትቱት። አንድ ሰው በወረንጦ ሊረዳ ሞክሮ ገለፈቱን ሲስብ ሁለቱ የኋላ እግሮች አብረው ተነቀሉ፤ ሌላው ደግሞ ለስላሳውን ሆድ ወጋው። ማድረግ የሚቻለው በትንሽ ዕቃ ውስጥ እርጥብ ሶፍት አንጥፎ ለብቻው አስቀምጦ መጠበቅ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ቢተርፍ እድለኛ ነዎት። እግር አጥቶ የተረፈ ግልገል በሚቀጥሉት ዙሮች እግሩን መልሶ ያበቅላል፤ አካለ መጠን የደረሰው ግን ገለፈት ስለማይጥል አያበቅልም።

ይህን ሁሉ ካስተካከሉ በኋላ ትዕግሥት ያስፈልጋል። የግልገሎቹ ሞት በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል፤ ያስጨነገፉት ሴቶች ግን እንደገና አርግዘው 2 ወር ያህል መሸከም አለባቸው። በ10ኛው ቀን ልጅ አላየሁም ብለው ሙቀቱን ወደ 36 አይጨምሩ፤ ሴቶቹንም ሆዳቸውን ለማየት በየቀኑ አያንሱ።

ሻጋታና ሽታ

ይህ ድርቀትን ሲሸሹ ከልክ ያለፉ ሰዎች የሚገቡበት ችግር ነው። መስታወቱ በጤዛ ይሸፈናል፣ የካርቶኑ ታችኛ ጠርዝ ይጠቁራል፣ ክዳኑ ሲከፈት አፍንጫ የሚሰረስር ሽታ ይወጣል። ካርቶኖቹን ይለውጡ፣ የወንፊቱን ሽፋን ግማሽ ያድርጉ፣ ውኃ መርጨቱን ለአንድ ሳምንት ይተዉ። ካሮት፣ ብርቱካንና ሌላ እርጥብ ምግብ ያደረው ሁሉ ጠዋት ይውጣ። ሳጥኑን ሲያጸዱ አፍንጫና አፍ መሸፈኛ ያድርጉ፣ መስኮት ይክፈቱ፤ የበረሮ ኩስና የገለፈት ብናኝ አለርጂና አስም ይቀሰቅሳል። በቤቱ አስም ያለበት ልጅ ካለ እነዚህን በረሮዎች ባያረቡ እመክራለሁ፤ ሳጥኑን ሌላ ክፍል ማድረግ ብቻውን በቂ አይደለም።

በጀርባቸው ወድቀው የሚንቀጠቀጡ

አንድ ሁለቱ ሳይሆን ብዙዎቹ በአንድ ቀን በጀርባቸው ወድቀው እግራቸው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መርዝ ነው፤ ሌላ ምክንያት በመፈለግ ጊዜ አያጥፉ። ባለቤቴ ስትወልድ እናቴ ልታርስ ከአዲስ አበባ መጥታ፣ ከሳጥኑ ያመለጠች አንዲት ግልገል ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ አየች። መርጫ አስገዝታ ወጥ ቤቱንም ኮሪደሩንም ረጨችው። ቤቷን የሚያከብር ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረገችው፤ ጥፋቱ አስቀድሜ ያልነገርኳት የእኔ ነው። ሳጥኑ ከኮሪደሩ ቀጥሎ ባለው ክፍል ነበር፤ በማግስቱ ከ60ዎቹ 8 ብቻ ቀሩ። ያተረፍኳቸውም ወዲያው ወደ ንጹሕ ሳጥን ስላዛወርኳቸውና አሮጌውን ካርቶንና ቃጫ በሙሉ ስለጣልኩት ነው።

የሕንፃው አስተዳደር በየጊዜው ተባይ የሚረጭ ሠራተኛ የሚልክ ከሆነ ማስታወቂያውን ሳያነቡ አይለፉ፤ በዚያ ቀን ሳጥኑን ከቤት ያውጡ። ለውሻ ወይም ለድመት የቁንጫ መድኃኒት ካደረጉ በኋላ እጅዎን በሳሙና ሳይታጠቡ ሳጥኑን አይንኩ። አትክልቱን ይጠቡ፣ ልጣጩንም ያንሱለት።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

በእግሮቻቸው ሥር ፈጥነው የሚሯሯጡ ነጣ ያሉ ትንንሽ ቅንቅኖች በዚህ በረሮ ላይ ብቻ የሚኖሩ ናቸው፤ አይጎዱትም፣ የሰውነቱንም ሻጋታ ይቀንሱለታል፤ ይተዋቸው። መኖው ላይ እንደ ዱቄት የሚነሰነሱት ግን ሌሎች ናቸው፤ መኖውን ጥለው ሳህኑን ያድርቁ። ነጭ በረሮ ካዩ ገለፈቱን ገና መጣሉ ነው፣ እስኪጠቁር አይንኩት። ሲነሳ እስ ማለቱን የተወ በረሮ እጅዎን ለምዶ ነው እንጂ አልታመመም። ወንዶቹ ሌሊት እስ እያሉ የሚገፋፉ ከሆነና የአንቴና ቁራጭ ካገኙ፣ ወንዶቹን ይቀንሱ ወይም መደበቂያ ይጨምሩ።

ማምለጥን በተመለከተ፣ እነዚህ በረሮዎች ክንፍ ባይኖራቸውም ቀጥ ባለ መስታወት ላይ ይወጣሉ። የሳጥኑን የላይኛ ጠርዝ ዙሪያውን 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ስስ ቫዝሊን ይቀቡት፤ ከማሞቂያው አጠገብ ያለው ስለሚቀልጥ በየ2 ሳምንቱ ይታደስ። አዲስ የተወለዱት ከ1 ሴንቲ ሜትር ስለሚያንሱ የክዳኑ ወንፊት ደቃቅ መሆን አለበት። ቢበዙብዎ ለሌላ አርቢ ይስጡ፤ ወደ ውጭ መልቀቅ በምንም ምክንያት አይገባም። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት ይህን ዝርያ ለመያዝ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ እዚያ ለሚኖር ዘመድ በፖስታ ከመላክዎ በፊት ፈቃዱ እጁ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ።