በትናንሽ ሞዴሎች ላይ ነበልባል ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቀለሙን ገልብጦ መቀባት። ሥራን ሁሉ የሚያበላሸው ይህ ነው። ልብስ ወይም ቆዳ ሲቀባ ጎድጓዳው ይጠቁራል፣ ጉብታው ይደምቃል፤ እጅ ይህን ስለለመደ እሳቱም ላይ ይደግመዋል። ነበልባል ግን ራሱ ብርሃን ሰጪ ነው። ስለዚህ ሥሩና በምላሶቹ መካከል ያለው ጎድጓዳ ነጭና ቢጫ፣ ወገቡ ብርቱካንማ፣ ጫፉ ቀይ ይሁን። የሚጨስ እሳት ከሆነ ጫፉ ጫፉን ብቻ በጥቁር ይንኩት። ጎድጓዳው ውስጥ ጥቁር ዋሽ (በጣም የቀጠነ ቀለም) ማፍሰስ ወይም ጠርዙን በደረቅ ብሩሽ (ቀለሙ ተጠርጎ ጥቂት ብቻ በቀረበት ብሩሽ) በነጭ መጥረግ እሳቱን ያጠፋዋል። በደረቅ ብሩሽ መሥራት ከፈለጉ ጠርዙን በቀይ ይጥረጉት።

በጥቁር ፕራይመር (ከሌላው ቀለም በፊት በሚቀባው መነሻ ሽፋን) መጀመር። ቢጫ የመሸፈን አቅሙ ደካማ ነው፤ ጥቁር ላይ ሲያርፍ አረንጓዴ ይመስላል። በነጭ ይጀምሩና ቢጫውን በውኃ አቅጥነው ሁለት ሦስት ጊዜ ይደርቡ፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አይጨምሩ፣ የታችኛው ይላጣል።

ምላሶቹን እኩልና ቀጥ አድርጎ ማቆም። ውጤቱ የካሮት ረድፍ ነው። ቁመታቸው ይለያይ፣ እያንዳንዱ ወደ አንድ ጎን ታጥፎ ወደ ሌላው ይመለስ፣ ከሥሩ ሰፍቶ ጫፉ ላይ ይሹል። አቅጣጫቸው ግን አንድ ይሁን፦ የሞዴሉ ሰው ወደ ፊት እየሮጠ ከሆነ እሳቱ ወደ ኋላ ይጎተታል። ብዙዎች የሚረሱት ይህንን ነው። ረጃጅሞቹ እንዳይሰበሩ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሽቦ ውስጣቸው ያስገቡ።

በኢፖክሲ ሊጥ መቸኮል። ይህ ሊጥ ሁለት ክፍሎቹ ሲደባለቁ የሚጠነክር የቅርጽ መሥሪያ ነው። ሁለቱን ክፍሎች እኩል ወስደው የቀለም መስመር እስኪጠፋ ይሹ፤ በደንብ ያልተደባለቀ ሊጥ ሳይጠነክር ይቀራል። እንደታሸ ስለሚጣበቅና ስለሚዘነብል ቀጭን ጫፍ አይሠራበትም። ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ቢያርፍ ቅርጽ መያዝ ይጀምራል። መሣሪያውን በትንሽ ውኃ ያርጥቡት፤ ውኃው ከበዛ አዲሱ ሊጥ አሮጌው ላይ አይይዝም። ቀለሙ በማግስቱ ይቀባ።

አካባቢውን መርሳት። እሳቱ በርቶ ከጎኑ ያለው ጋሻ ካልበራ የተለጠፈ ይመስላል። ወደ እሳቱ በዞረው ገጽ ብቻ በጣም የቀጠነ ብርቱካንማ ይቀቡ፣ እየራቀ ሲሄድ ይቀንሱት። ጋሻው ከነበልባሉ በልጦ ከደመቀ ግን አብዝተዋል።