ሕፃናት ባሉበት ቤት ሊወገዱ የሚገቡ የአያያዝ ስህተቶች

የጎጃም ቤት መጀመሪያ የሚሰናዳው ለእንግዳ ነው። ደብረ ማርቆስም ሆነ ሞጣ፣ ዳንግላም ሆነ ቡሬ፣ ሳሎን ሲገቡ ብርጭቆ የተደረደረበት ቡፌና ዳንቴል የለበሰ ሶፋ ይታያል፤ ገጠር ከሆነ ደግሞ አጎዛ የተነጠፈበት መደብ። እንግዳ መቀበል ክብራችን ነውና ይቅር አልልም። ነገር ግን እንግዳው ለሰዓታት ቢቀመጥ ነው፤ የሦስት ዓመቱ ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ነው። የራሱ ቦታ ስላልተሰጠው ሁሉንም ቦታ ይዳስሳል፤ እናቱም ከጠዋት እስከ ማታ "ተው! አትንካ! ውረድ!" ስትል ትውላለች። ቤቱን ለእንግዳ ብቻ ማሰናዳት ከስህተቶች ሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው።

ማስተካከያው ገንዘብ አይጠይቅም። ከቡፌው ታችኛ መደርደሪያ ብርጭቆውን ወደ ላይ አውጡና ያንን መደርደሪያ ለልጁ ስጡት። ቡፌ ከሌለ የሳሙና ካርቶን ይበቃል። ለጃኬቱና ለቦርሳው ምስማር በእሱ ቁመት ምቱለት። አዋቂ ብቻ በሚደርስበት ምስማር ላይ ልብስህን ስቀል ብሎ ልጅን መቆጣት ፍትሕ አይደለም።

ቡናን በመተላለፊያ ላይ ማፍላት ሌላው ስህተት ነው። ረከቦቱ፣ ጀበናውና የከሰል ምድጃው መሬት ላይ ስለሚቀመጡ መዳህ ለጀመረ ልጅ እጅ ቅርብ ናቸው። ምድጃውን ጥግ አስይዙት፤ ቡና የምታፈላዋም በእሳቱና በልጆቹ መካከል ትቀመጥ። ከተሰበሰቡት አዋቂዎች አንዱ ልጁን የመጠበቅ ኃላፊነት ተለይቶ ይሰጠው፤ "ሁላችንም እናየዋለን" የተባለ ልጅ ጠባቂ የለውም። ልጅ ታቅፎ ትኩስ ቡና መጠጣትም ይቅር። አደጋው ከደረሰ ደግሞ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም ዱቄት አትቀቡት። የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ እያፈሰሳችሁ አብርዱት፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ከከሰል ሳንወጣ፦ በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል ያከስላል፤ ከሰል በቅርብ ይገኛል። እንጅባራና የጮቄ ግርጌ ደግሞ ብርዳቸው የታወቀ ነው። ስለዚህ ማታ ፍሙን መኝታ ክፍል አስገብቶ፣ በር ዘግቶ፣ ልጆቹን ማስተኛት ደግነት ይመስላል። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጭሱ ስለጠፋ አደጋው አልጠፋም። ፍሙ ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ፤ ልጆቹ ላይ ጋቢ ይደረብ።

አብዝቼ የምፈራው ግን የውሃ ጠርሙሱን ነው። በረኪና በውሃ ጠርሙስ፣ ነጭ ጋዝ በለስላሳ ጠርሙስ፣ ከጎረቤት የተቀዳ ፀረ አረም በዘይት ዕቃ ይቀመጣል። ማንበብ የማይችል ልጅ ጠርሙሱን የሚያውቀው በመልኩ ነው፤ ትናንት ውሃ ከጠጣበት ዕቃ ዛሬም ይጠጣል። አረቄም ውሃ ይመስላል፤ ለትንሽ ልጅ ጥቂት ጉንጭ እንኳ የደሙን ስኳር አውርዶ ራሱን ሊያስተው ይችላል። እንዲህ ያለው ፈሳሽ ሁሉ በመጣበት ዕቃ ይቆይ፤ በቁልፍ ይዘጋ፤ ቁልፍ ከሌለ ከቆጥ ላይ ይውጣ። ልጁ ጠጥቶ ከተገኘ በግድ አታስታውኩት፤ በተለይ ነጭ ጋዝ ሲያስታውክ ወደ ሳንባ ይገባል። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሕክምና ሩጡ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን እንደጠጣ ነው።

በቆሎ በሚመረትባቸው በቡሬና በጃቢ ጠህናን አካባቢ ደግሞ የነቀዝ ኪኒን አለ። ኪኒኑ እርጥበት ሲነካው የሚያወጣው ጋዝ ገዳይ ነው። ቤተሰቡ በሚተኛበት ክፍል ባለ ጎታ ወይም ማዳበሪያ ውስጥ ፈጽሞ አይጨመር፤ ትርፉም ትራስ ሥር አይቀመጥ።

ስለ ሳፋ አንድ ነገር ልበል። ልብስ የታጠበበትን ውሃ "በኋላ ይደፋል" ብሎ መተው አደገኛ ነው። መዳህ የጀመረ ሕፃን በጥቂት ውሃም ይሰምጣል።

በጾም ወቅት የልጅን ምግብ ከአዋቂው ጋር ማስቀረት ብዙ እናቶች በቅንነት የሚሠሩት ስህተት ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታና ነቢያትም አሉ። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያለን ልጅ ጹም አትልም። ይሁንና ድስቱ በእንቁላል ወይም በወተት እንዳይነካካ ሲባል ልጁ ሳይጾም ይጾማል፤ ጉዳቱ የሚበረታውም ገና እያደገ ባለው ሕፃን ላይ ነው። ለልጁ አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ለይታችሁ ለብቻቸው አስቀምጡ፤ ለብቻቸውም ይታጠቡ። እናትም በጾሟ ትጸናለች፣ ልጁም እንቁላሉን ይበላል። አያት ካጉረመረሙ የንስሐ አባት ተጠርተው ያስረዷቸው፤ ከልጃቸው ይልቅ እሳቸውን ይሰማሉ።

የልጆችን ፊት በአንድ ፎጣ ማበስ ትንሽ ነገር ይመስላል። ትራኮማ በክልላችን በጣም የተስፋፋ ነው፤ በእጅ፣ በዝንብና በጋራ ፎጣ ይተላለፋል፤ ሲደጋገም ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ አጥፎ እስከ መታወር ያደርሳል። ለእያንዳንዱ ልጅ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ የራሱ ጨርቅ ይኑረው፤ በራሱ ምስማር ላይ ይሰቀል፤ ፊቱም ጠዋትና ማታ ይታጠብ።

አጎበር ደግሞ ለአዋቂ አልጋ ብቻ አይደለም። በባሕር ዳር፣ በፍኖተ ሰላምና በዓባይ በረሃ አፋፍ ልጆች ከወላጆቻቸው ቀድመው ስለሚተኙ የእነሱ አጎበር ከመምሸቱ በፊት ይዘርጋ፤ በተለይ ዝናቡ ሲያባራ ከመስከረም ጀምሮ።

የትምህርት ቤቱን ጠዋት ከጠዋት መጀመር ሌላ ድካም ያመጣል። ዩኒፎርሙ፣ ካልሲውና ደብተሩ ማታ አንድ ቦታ ይሰብሰቡ፤ በዝናብ ወራት የራሰ ጫማ ማታውኑ ውስጡ አሮጌ ጋዜጣ ተጠቅጥቆ ይደር።

በመጨረሻ የማነሣው ሥራውን ሁሉ በትልቋ ሴት ልጅ ላይ መጫን ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሕፃን አዝላ፣ ቤት ጠርጋ፣ ቡና ስታቀራርብ "ጎበዝ" እንላታለን፤ ወንድሟ ግን ኳስ ይጫወታል። ሕፃን የያዘች ልጅ እሳት አጠገብ መቆም የለባትም፤ ጥናቷም አለ። የሦስት ዓመት ልጅ ጫማውን ቦታው ላይ ማስቀመጥ ይችላል፤ የአምስት ዓመቱ ምስር ይለቅማል፤ የሰባቱ ሳህን ያጥባል፤ ይህ ሁሉ ወንድና ሴት አይለይም። ጥሩ አድርጎ ባይሠራው ከፊቱ አትድገሙበት፤ እሱ ከተኛ በኋላ ይታረማል። አባትም ማታ ተቀምጦ የልጆቹን ጫማ ቢጠርግ እናት ለነገ ምሳቸው የምታስብበት ጊዜ ታገኛለች።