አልጋው ቤቱን ሲውጠው፦ በቤት ዲዛይን ሶፍትዌር ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ባለፈው እሁድ ገና ቡናው ሳይፈላ ቴሌግራሜ ጮኸ። «ጋሼ፣ ስኬችአፕ ተበላሸብኝ። ኮምፒውተሬን ፎርማት ላድርገው?» ይላል። ስኬችአፕ ቤትን በስሪዲ የምንስልበት ሶፍትዌር ነው። የጻፈልኝ ድራፍቲንግ (የፕላን አሳሳል) ተምሮ ገና ሥራ የያዘ ልጅ ነው። ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ልኮልኛል። ባለ ሁለት ትራስ ትልቅ አልጋ ይታያል። ቤት የለም።

«ቤቱስ?»

«አልጋው ሥር ነው ጋሼ።»

መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ። ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንዳየሁት መቁጠር ካቆምኩ ቆይቻለሁ። «ሶፍትዌሩ ተበላሸ» ተብዬ ከተጠራሁባቸው ጊዜያት፣ እውነት ተበላሽቶ ያገኘሁት በጣት የሚቆጠር ነው። የቀረው ሥራው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች የገባ ስህተት ነው። ስለዚህ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

ዩኒት ሳያዩ መጀመር

ልጁ ያደረገው ይሄንኑ ነው። ስኬችአፕ ሲከፈት ቴምፕሌት፣ ማለትም የመለኪያ ዩኒቱ ቀድሞ የተሞላበት መነሻ ፋይል ያስመርጣል። እሱ ፊቱ ያገኘውን ተጭኖ ገባ። የገባበት በሚሊ ሜትር ነበር። አራት በአምስት ሜትር የሆነ ሳሎን ሊሠራ 4 እና 5 ጽፎ ኢንተር መታ። ፕሮግራሙም እንደታዘዘው 4 ሚሊ ሜትር በ5 ሚሊ ሜትር የሆነ ሳሎን ሠራለት። የምስር ፍሬ የሚያህል ሳሎን! ዙም ሲደረግ ስክሪኑን ስለሚሞላ ምስር መሆኑ አይታወቅም። ልጁ ግድግዳ አቆመ፣ መስኮት ከፈተ፣ ሁለት ቀን ለፋ። «ክብ ነገር ስሠራ ፊቱ አይዘጋም» እያለ ሲያማርር የነበረውም ለዚሁ ነው። ስኬችአፕ በጣም ደቃቅ መስመር ላይ እጁ ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ ከስሪዲ ዌርሃውስ፣ ከስኬችአፕ የኦንላይን የዕቃ ማከማቻ፣ አልጋ አወረደ። አልጋው በትክክለኛ መጠኑ፣ በሁለት ሜትሩ መጣ። ቤቱንም ዋጠው።

መፍትሔው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አልጋውን አጥፉት። ቴፕ ሜዠር የሚለውን መሣሪያ ያዙና ርዝመቱን የምታውቁትን አንድ ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ። ወዲያው እውነተኛውን ልክ ከነዩኒቱ ጽፋችሁ ኢንተር ምቱ። «ሞዴሉን በሙሉ ላስተካክለው?» ብሎ ይጠይቃል። አዎ በሉት። አለቀ።

ፕላን የምንስልበት ሌላው ሶፍትዌር፣ አውቶካድ ላይ ነገሩ ይብሳል። የአውቶካድ መስመር በራሱ ቁጥር ብቻ ነው፤ ሜትር ይሁን ሚሊ አያውቅም። ብዙ ሰው «ዩኒትስ» የሚለው መስኮት ገብቶ ሚሊ ሜትሩን ወደ ሜትር ይለውጥና ስዕሉ የተለወጠ ይመስለዋል። አልተለወጠም! የለወጣችሁት ምልክቱን ነው። መስመሩ 4000 ከነበረ አሁንም 4000 ነው። ስዕሉን ከሚሊ ወደ ሜትር የምታመጡት «ስኬል» በሚለው ትዕዛዝ በ0.001 ስታባዙት ነው። ከሜትር ወደ ሚሊ ከሆነ በ1000።

ሱቅ ሄዳችሁ «ሁለት ስጠኝ» ብትሉ ባለሱቁ «ሁለት ምን?» ይላችኋል። ኮምፒውተር አይጠይቅም። ሁለት ያላችሁትን ሁለት አድርጎ ዝም ይላል። ከዚያ ግንበኛው ሳይት ላይ ቆሞ ይጠይቃችኋል፤ ያኔ ብሎኬቱ ወርዷል፣ ሲሚንቶው ተቦክቷል። እኔ ከማንም ፋይል ስቀበል መጀመሪያ የምለካው በር ነው። የመኝታ ቤት በር 90 ሳንቲም አካባቢ ካልሆነ ሌላውን አላየውም፤ መልሼ እልከዋለሁ።

የጫማ ጉዳይ ደግሞ አለ። አሜሪካ ያሉ ደንበኞች ፕላን የሚልኩት በጫማና በኢንች ነው። 1 ጫማ 30.48 ሳንቲም መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የሚሳሳቱት ሌላ ቦታ ነው። 12 ጫማ ከ6 ኢንች ማለት 12.6 ጫማ አይደለም፤ 12.5 ነው። 12 ኢንች ነው አንድ ጫማ የሚሆነው። ይህን ስህተት ሠርቼ አንድ ሙሉ ጂ ፕላስ 1 ቤት እንደገና ስያለሁ፤ ስለዚህ በማንም ላይ አልስቅም።

የግድግዳን ውፍረት ለሶፍትዌሩ መተው

ስዊት ሆም ስሪዲን እወደዋለሁ። ነፃ ነው፣ ቀላል ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። የራሱን ቤት ለማደስ ለሚያስብ ሰው ሁሉ የምጠቁመው እሱን ነው። ግን በሜትሪክ ሲከፈት አዲስ ግድግዳ የሚሰጣችሁ በ7.5 ሳንቲም ውፍረት ነው። እዚህ አገር 7.5 ሳንቲም ግድግዳ ማን ይሠራል? ባለ 20 ብሎኬት ከነልስኑ 25 ሳንቲም ገደማ ይገባል።

ሒሳቡን እንየው። በ7.5 ግድግዳ መሀል የአንድ ሜትር ኮሪደር አወጣችሁ እንበል። ግንበኛው ያንኑ የግድግዳ መሀል መስመር ይዞ 25ቱን ሲያቆም ከእያንዳንዱ ጎን 8.75 ሳንቲም ይበላል። የቀራችሁ 82.5 ሳንቲም ነው። በዚያ ኮሪደር ፍሪጅ ይዞ የሚያልፍ ሰው በር ላይ መዞር አይችልም። አንድ ደንበኛዬ ቨርጂኒያ ያለች እህቱ የላከችለትን የአሜሪካ ፕላን እንዳለ ገልብጦ መጥቶ ነበር። የዚያ አገር የእንጨት ክፍልፋይ ግድግዳ ከነጂፕሰሙ 11 ሳንቲም ተኩል አይሞላም። በብሎኬት ስናስበው ሻወሩ ጠቦ ሰው ወደ ጎን ካልሆነ በቀር አይገባበትም። እህቱ በስልክ «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት» ብላ ተቆጣችን።

የመጀመሪያውን ግድግዳ ከመሳላችሁ በፊት ፕሪፈረንስ ውስጥ ገብታችሁ ውፍረቱን ቀይሩ። ስላችሁ ከሆነም ግድግዳዎቹን በሙሉ መርጣችሁ በአንዴ ማስተካከል ትችላላችሁ። ክፍሎቹ ግን ይጠባሉ፤ እንደገና ለኩ።

ከባድ የቤት ዕቃ ማግበስበስ

ስኬችአፕ ሲንቀራፈፍ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ በረንዳው ላይ የቆመው መኪና ወይም ቅጠሉ አንድ በአንድ የተሳለ ዛፍ ነው። አጥፉት። ከዚያ «ፐርጅ አንዩዝድ» የሚለውን ተጫኑ፤ ያለዚያ ከስክሪኑ ይጥፋ እንጂ ከፋይሉ አይወጣም። ጥላውንም እስክትጨርሱ አጥፍታችሁ ሥሩ።

ሶፋውን ሳብኩት፣ ግድግዳው ተከተለኝ

ግሩፕ አድርጉ፤ ማለትም የአንዱን ዕቃ መስመሮች መርጣችሁ ለብቻቸው እሰሯቸው። ስኬችአፕ የተነካካ መስመር ያጣብቃል። ሌላ ሚስጥር የለውም።

ቤቱን ከካርታው ኮርድኔት ላይ መሥራት

ይህን ጀማሪ ብቻ ሳይሆን ኢንጅነር የሚባለውም ይሠራዋል። ሰርቬየሩ ቦታውን ለክቶ አውቶካድ ፋይል ይሰጣል። ፋይሉ የመጣው ከነኮርድኔቱ፣ ቦታው ካርታ ላይ የት እንዳለ ከሚናገሩት ቁጥሮች ጋር ነው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ የኤክሱ ቁጥር 470 ሺህ ሜትር አካባቢ፣ የዋዩ ደግሞ አንድ ሚሊዮን ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። ማለትም ቤታችሁ ከሶፍትዌሩ ዜሮ ነጥብ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ተቀምጧል። ይህን እንዳለ ስኬችአፕ ውስጥ ስታስገቡት መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ ጠጋ ስትሉ ደግሞ ግማሹ ቤት በቢላ እንደተቆረጠ ይጠፋል። «ግራፊክስ ካርድ ልግዛ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ። ሊገዛ ብር ቆጥሮ ጨርሷል!

ዋናውን ፋይል አትንኩት፤ ለካርታና ለፈቃድ ያስፈልጋል። ኮፒ አድርጉና በኮፒው ላይ አንዱን የቦታውን ማዕዘን ይዛችሁ ወደ ዜሮ፣ ዜሮ አምጡት። የትኛውን ማዕዘን እንዳመጣችሁ ጥግ ላይ ጻፉ። ከዚያ ወደ ስኬችአፕ።

አማርኛው ጥያቄ ምልክት ሆነ

«የሳሎን» ብለው ይጽፋሉ፣ «????» ይወጣል። ምክንያቱ ፎንቱ ነው። አውቶካድ የሚጠቀምባቸው የድሮዎቹ የመስመር ፎንቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ቴክስት ስታይል ውስጥ ገብታችሁ ኒያላ ወይም ኤብሪማ አድርጉት። አንዳንድ አዲስ ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ለብቻው ካልተጫነ አይገኝም።

ሌላው ችግር የድሮ ፓወር ግዕዝ ፎንት ነው። በዩኒኮድ ስላልሆነ በእናንተ ኮምፒውተር ላይ ያማረ ጽሑፍ ፎንቱ የሌለው ማተሚያ ቤት ሲደርስ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። አንድ ጊዜ የባለቤቱ ስም እንደዚያ ሆኖ የታተመ ሙሉ የፕላን ጥራዝ ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ቆጣሪ ላይ ደርሻለሁ። ልጅቷ አየችኝ፣ ወረቀቱን አየች፣ እንደገና አየችኝ። ከዚያ ወዲህ ለማተሚያ የምልከው ፒዲኤፍ ነው፤ እሱንም ስልኬ ላይ ከፍቼ ካየሁት በኋላ።

ለወረቀቱ ልክ አድርጎ ማተም

«ፊት ቱ ፔፐር» የሚለውን ምልክት አንሱት። በኤ3 1 ለ100 የተሰራን ስዕል ኤ4 ላይ አጣበው ሲያትሙት 4 ሜትር የነበረው ግድግዳ ወረቀቱ ላይ 4 ሳንቲም መሆኑ ቀርቶ 2.8 ይሆናል። ፎርማኑ ደግሞ ማስመሪያ አውጥቶ ይለካል፤ ስንት ጊዜ ብነግረውም ይለካል። ስለዚህ ስዕሉ ጥግ ላይ የአንድ ሜትር መለኪያ መስመር ሳሉ። ወረቀቱ ሲያንስ እሷም አብራ ታንሳለች።

ፀሐይዋን ኮሎራዶ ላይ መተው

እዚህ ላይ ራሴን ነው የምከሰው። ለአንድ ቤት የበረንዳ ጥላ ስኬችአፕ ላይ አሳይቼ ደንበኛዬን አስደስቼ ነበር። ቤቱ ተሠራ። ግንቦት ላይ ደውለው «ኢንጅነር፣ ፀሐዩ በሰሜኑ መስኮት ይገባል፤ አንተ አይገባም ብለኸኝ ነበር» አሉኝ። ለካ ሎኬሽን አላስገባሁም። ስኬችአፕ ቦታ ካልነገራችሁት ጥላውን የሚሠራው የተወለደበት ከተማ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ቦልደር ላይ እንዳላችሁ ቆጥሮ ነው። እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ ነው። አዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፤ በፈረንጅ ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ኦገስት መጨረሻ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ያዘነብላል። ክረምቱን ደመና ይሸፍናችኋል፤ ግንቦትን ግን የሚሸፍን የለም።

ስዊት ሆም ላይ ፕላኑ ላይ ያለችውን ኮምፓስ ሁለቴ ተጫኑና ከተማውንና የሰዓት ክልሉን አስገቡ። ሰሜኑንም ከካርታችሁ ጋር አስተያዩ።

ሰዓቱንም ልብ በሉ። አንዲት ተለማማጅ ደንበኛዋ «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሳሎኑን አሳዪኝ» ስላሏት 3:00 ብላ አስገባች። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቃ የወጣው ፎቶ ጥቁር ነው። «ላፕቶፔ ሞተ» ብላ ደወለችልኝ። ላፕቶፑ ደህና ነው። እሷ ያስገባችው ሌሊት 9 ሰዓትን ነው። የኛ ጠዋት 3 ለሶፍትዌሩ 9:00 ነው፤ ከሰዓት 9 ደግሞ 15:00።

መብራት አለ ብሎ ማመን

ኮንትሮል ኤስ። አውቶካድ በራሱ የሚያስቀምጠው ካልነካችሁት በየ10 ደቂቃው ነው፤ መብራት ደግሞ የሚሄደው በዘጠነኛው ነው። ፋይሉ አልከፍት ካለ «ሪካቨር» የሚለውን ሞክሩ። እምቢ ካለ እዚያው ፎልደር ውስጥ ስሙ በባክ (.bak) የሚያልቅ አቻ ፋይል ፈልጉና የስሙን መጨረሻ ወደ ዲደብሊውጂ (.dwg) ለውጡት። ከፍላሽ ላይ ከፍታችሁ አትሥሩ። ክራክ ሶፍትዌር ጭናችሁ ቫይረስ ከገባ ደግሞ እኔ ጋ አትደውሉ።

ክፍሉ ቀጥ ያለ ነው ብሎ ማሰብ

ኮንዶሚኒየም ልታድሱ ከሆነ አራቱን ግድግዳ ብቻ ለክታችሁ አትምጡ። ሶፍትዌሩ ማዕዘኑን 90 አድርጎ ይስለዋል፤ ግንበኛው የሠራው ግን እንደዚያ ላይሆን ይችላል። ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ሁለቱንም ለኩ። 3 በ4 ሜትር የሆነ ክፍል ሰያፉ 5 ሜትር መምጣት አለበት። አንዱ 5.06፣ ሌላው 4.94 ከመጣ የኪችን ካቢኔቱን ከማዘዛችሁ በፊት አናጺው መጥቶ ይይ።

ካታሎጉን ማመን

የሶፍትዌሮቹ ኪችን ምድጃ አለው፣ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን አለው፣ የወይን ጠርሙስ መደርደሪያ ሳይቀር አለው። ምጣድ የለውም። በስክሪን ያማረ ኪችን ለአንድ ወጣት ባልና ሚስት ሳሳይ የልጁ እናት ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተው «ምጣዱስ የት ነው?» አሉ። ቦታ አልነበረም። አሁን የኪችን ፕላን ስጀምር 60 ሳንቲም ክብ ስዬ ከነማስቀመጫው ግሩፕ አደርጋለሁ፤ ክዳኑ የሚቆምበትን ጎን፣ ጭሱ የሚወጣበትን መስኮትና ለብቻው የሚሳብለትን የመብራት መስመር እጨምራለሁ። ካቢኔት የሚባለው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።