ሸክላ ከነማኅደሩ፦ ሰብሳቢዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከዋናው ፖስታ ቤት ወደ ፒያሳ ሽቅብ በሚወስደው ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከጥንት ዕቃ መሸጫዎቹ በአንዱ ውስጥ፣ ከመስቀሎቹና ከሙዳዮቹ ሥር በሳሙና ካርቶን የታጨቁ የዘፈን ሸክላዎች አገኘሁ። አንዱን ባለ 45፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረውን ትንሹን ሸክላ፣ አነሳሁት። ሽፋኑ ላይ ክራባቱን ያሳመረ ወጣት ዘፋኝ ወደ ጎን ዞር ብሎ ቆሟል፤ የዘፈኖቹ ርዕስ በእጅ በተሣለ የአማርኛ ፊደል ተጽፏል፤ የወረቀቱ ጠርዝ ወይቧል። ሸክላውን ሳወጣው ግን የሌላ ዘፋኝ ነው።

“ጋሼ፣ የዚህ ሽፋን ሸክላ የት ደረሰ?” አልኳቸው።

“ልጄ፣ ያገኘሁትን ሸክላ ባገኘሁት ወረቀት ነው የከተትኩት።”

ገዛሁት። የሽፋኑን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ እዞራለሁ፤ ሽፋኑ ግን እስካሁን ባለቤቱን አላገኘም።

አባቶቻችን ዳዊት ሲያስጽፉ ማኅደሩንም ያሰፉ ነበር። ቆዳው በብራናው ልክ ተቆርጦ ይሰፋል፣ ማንገቻ ይበጅለታል፣ መጽሐፉን ከዝናብና ከጭስ ይጠብቃል፤ ደግሞም ያምራል። እኔ የሸክላን ልዩ ሽፋን የምመዝነው በዚህ ነው። ዛሬ በሳጥን፣ እንደ መጽሐፍ በሚከፈት ካርቶን፣ ከፎቶና ከጽሑፍ ጥራዝ ጋር የሚወጡ እትሞች ልብ ይሰርቃሉ፤ የእኔንም ሰርቀዋል። የማያቸው ስህተቶች ግን ወይ ማኅደሩን ከመናቅ ወይ ማኅደሩን አይቶ ብራናውን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

ሸክላውን ከሽፋኑ ማፋታት

በእኛ አገር ይህ ከሁሉም ይከፋል፤ የጠፋው አይተካምና። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ሲጀምር፣ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ያን ተጋፍቶ እስከ 1975 ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችንና 12 ያህል አልበሞችን አወጣ። ካይፋና ፊሊፕስ የተባሉት አሳታሚዎችም በዚያው ዘመን የየራሳቸውን አሳትመዋል። ከዚያ ካሴት መጣ፤ እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ሳያልቁ ሸክላ መታተሙ ቆመ። ስለዚህ በየቤቱ አልጋ ሥር ያለው ሽፋን ያኔ የታተመው ነው፤ አንዱ በተቀደደ ቁጥር ከዚያው ላይ ይቀነሳል።

ሽፋኑ የሚይዘው ፎቶ ብቻ አይደለም። የባንዱን ስም፣ የእትሙን ቁጥር፣ አንዳንዴም የዜማና የግጥም ደራሲዎቹን ሌላ ቦታ የማታገኙት እዚያ ላይ ነው። ሰብሳቢዎች ደረጃ ሲያወጡም ለሸክላው ለብቻ፣ ለሽፋኑ ለብቻ ነው የሚሰጡት። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሸክላውን አውጡና መሃሉ ላይ ባለው ክብ ወረቀት የታተመውን ቁጥር ከሽፋኑ ጋር አስተያዩ። ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ ባለው ባዶ ቀለበት ላይም የተጫረ ቁጥር አለ፤ ወደ ብርሃን አዘንብሉት፣ ይታያችኋል። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ ብዙ ነጠላ ሸክላዎች መጀመሪያውኑ የሚሸጡት የአሳታሚው ስም ብቻ በታተመበት ተራ ወረቀት ነበር። ፎቶ የለውም ብላችሁ ያን ወረቀት አትጣሉት፤ ማኅደሩ እሱ ነው።

«ልዩ እትም» የሚለውን ሲያዩ ኪስ መዳበስ

ልዩ የሆነው ምኑ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ቀለሙ ነው? የሸክላ ጥቁረት የሚመጣው ከሚቀላቀልበት የካርቦን ዱቄት ነው፤ ቀይ ወይም ሰማያዊ መሆኑ ብቻውን ድምፁን አያበላሸውም፤ ድምፁን የሚወስነው የቅጂውና የአታተሙ ጥራት ነው። ሥዕል ያለበት ሸክላ ግን ሌላ ነገር ነው። የታተመው ወረቀት መሃል ይገባና ድምፁ የሚቀረጸው በላዩ በሚለጠፍ ስስ የላስቲክ ንጣፍ ላይ ይሆናል፤ በዚህ ምክንያት ብዙውን ጊዜ ፍሽሽታ ይበዛበታል። ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ለፈለገ ይስማማዋል፤ ማዳመጥ ለፈለገ አልመክረውም። 180 ግራም የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ከበድ ያለ ሸክላ ለእጅ ይመቻል፣ ቶሎም አይጣመምም፣ መጥፎ ቅጂን ግን ጥሩ አያደርገውም።

በቁጥር ተወስኖ የታተመ እትም ከሆነ ደግሞ የእናንተን ቁጥር ሳይሆን ጠቅላላውን እዩ። ከ500 ውስጥ 212ኛ መሆንና ከ20,000 ውስጥ 212ኛ መሆን አንድ አይደለም።

እኔ ገንዘቤን ሳልሰስት የምሰጠው የጽሑፍ ጥራዝ ላለው እትም ነው። የዱሮ ዘፈኖቻችንን በተከታታይ ያወጡት የኢትዮፒክስ ሲዲዎች እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ መውጣት ሲጀምሩ ከዘፈኑ ጋር የዘመኑን ፎቶና ታሪክ ይዘው መጡ። እኔ የዋሽንትና የሳክስፎን ተጫዋቾቻችንን መልክ ያወቅሁት ከእንደዚህ ያሉ ገጾች ነው።

ሸክላውን የሚያቆስል ማኅደር

ያማረ ሁሉ አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ1971 ሮሊንግ ስቶንስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ባወጣው አልበም ሽፋን ላይ በአሜሪካዊው ሠዓሊ በአንዲ ዋርሆል ሐሳብ እውነተኛ የሱሪ ዚፕ ተገጥሞ ነበር። ሸክላዎቹ ተደራርበው ሲጫኑ የዚፑ መያዣ ከላይ ያለውን ሸክላ እየተጫነ ጎዳው። የተገኘው መፍትሔ ዚፑን ከመላኩ በፊት እስከ መሃል ዝቅ ማድረግ ነበር፤ መያዣው ዘፈኑ ላይ መጫኑ ቀርቶ መሃል ባለው ክብ ወረቀት ላይ ያርፋል። በ1979 ደግሞ ፐብሊክ ኢሜጅ ሊሚትድ የተባለው ባንድ ሦስት ሸክላዎችን እንደ ፊልም ቆርቆሮ ባለ ክብ ብረት ውስጥ አወጣ፤ ልክክ ብለው ስለገቡ ሳይቧጨሩ ማውጣት ያስቸግር ነበር።

የእናንተም ሳጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ጥብቅ የካርቶን ኪስ ካለ ሸክላውን እዚያ አትተዉት። ሻካራ ካርቶን በወጣና በገባ ቁጥር እንደ አሸዋ ይፍቃል። ሸክላውን ለስላሳ በሆነ የውስጥ ኪስ አድርጋችሁ ከጎኑ አስቀምጡት፤ የመጀመሪያው ኪስ ባዶውን፣ ሳይጨማደድ፣ በቦታው ይቆይ። ሁለቱም ይተርፋሉ።

ላስቲኩን መርሳት

አዲስ ሸክላ ተጠቅልሎበት የሚመጣውን ጥብቅ ላስቲክ «እንዳይቆሽሽ» ብሎ ለዓመታት መተው የተለመደ ነው። ያ ላስቲክ እየሰነበተ ይሸመቀቃል፤ ሽፋኑን ያጎብጣል፣ አንዳንዴም ከነሸክላው። ቅደዱት። ስቲከር ካለበት ስቲከሩን ከነላስቲኩ ቆርጣችሁ ሽፋኑ ውስጥ ክተቱት።

ከዚህ የባሰው ወፍራምና ለስላሳ የሆነው፣ ሲከፍቱት የሚሸተው፣ ፒቪሲ ከተባለው ፕላስቲክ የተሠራ ከረጢት ነው። ለማለስለሻ የገባበት ኬሚካል ከጊዜ ብዛት ይወጣና ሸክላው ላይ ያርፋል። የአጎቴ ሸክላዎች ፎቶ አልበም በሚመስል የፒቪሲ መያዣ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተቀምጠው ነበር። ስንከፍተው ገጾቹ ተጣብቀዋል። ሸክላዎቹ ላይ በትንፋሽ የደበዘዘ መስተዋት የመሰለ ጉም አለ፤ በጨርቅ ብጠርገው፣ ባጥበው አልለቀቀም። ሲጫወቱ ከዘፋኙ ድምፅ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። አጎቴ በክብር ያስቀመጣቸው መስሎት ነበር። በፖሊኤቲሊን ወይም በፖሊፕሮፒሊን የተሠራውን ምረጡ፤ ቀለል ያለ ነው፣ አይሸትም፣ አይጣበቅም።

ፕላስተርና እስክሪብቶ

የተቀደደ ጠርዝ ላይ ፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው ቢጫ ይሆናል፣ ሲነሳም ሥዕሉን ይዞ ይነሳል። ስምም አትጻፉበት። የዱሮ ባለቤት ከጻፈበት ግን ለመፋቅ አትሞክሩ።

አጋድሞ መከመር

ቦታ ለመቆጠብ ሸክላን እንደ እንጀራ ደራርቦ ማስቀመጥ ሽፋኑ ላይ ክብ ምልክት ያወጣል፤ የውስጡ ሸክላ ጠርዝ በሥዕሉ ላይ ይታተማል። ቀጥ አድርጋችሁ አቁሟቸው፤ ሳይጣበቁ፣ ሳይጋደሙም። መቶ ትልልቅ ሸክላ ከ20 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን መደርደሪያው ጠንካራ ይሁን።

ለአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ክረምቱ አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም ቅዝቃዜውና እርጥበቱ በግድግዳ በኩል ይገባል፤ ካርቶን ይጠጣዋል፣ ይሻግታል። መደርደሪያውን ከውጭ ግድግዳ አርቁት፤ ከወለሉም ከፍ ይበል። ዝናቡ ሲያባራ መስኮት ክፈቱ፣ ግን ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኛቸው፤ የከፍታችን ፀሐይ የሽፋኑን ቀይ ቀለም ቶሎ ነው የምታነጣው።

በፖስታ ሲያዝዙ ዝም ማለት

ሸክላው ሽፋኑ ውስጥ እንዳለ ከተላከ፣ ጥቅሉ በተጣለ ቁጥር ሸክላው እየተወረወረ የሽፋኑን ስፌት ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ሻጩ ሸክላውን አውጥቶ፣ በውስጥ ኪሱ አድርጎ ከሽፋኑ ጀርባ እንዲያስቀምጠው፣ ከዚያ ሁለቱንም በጠንካራ ካርቶን መሃል እንዲያደርጋቸው ሳትከፍሉ በፊት ጻፉለት። ጥቅሉ እጃችሁ ሲገባም ወዲያው በቢላ አትቅደዱት፤ ቤት ወስዳችሁ ጠረጴዛ ላይ በጠርዙ በኩል በመቀስ ክፈቱት።