ቅዳሜና እሁድን በባቡር፦ ጀርመን ለገባ ቤተሰብ

ልጆቹን ይዘን ከበርሊን ወደ ኮሎኝ ስንወጣ ቲኬት ቆርጠናል፣ ወንበር ግን አላስያዝንም። «ቦታ መቼ ይጠፋል» ብዬ ነበር። እውነትም አልጠፋም። ያገኘነው ፉርጎ ውስጥ ገብተን፣ ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው፣ ተመቻችተን ተቀመጥን። ሐም የምትባል ጣቢያ ልንደርስ ስንል ድምፅ ማጉያው አንድ ነገር አለ። ማን ይሰማዋል! ከፊታችን የተቀመጡ እናት ናቸው «ወዴት ናችሁ?» ብለው ጠይቀው ያዳኑን። ባቡሩ ሐም ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ወደ ኮሎኝ፣ ግማሹ ወደ ዱሰልዶርፍ ይሄዳል። እኛ የዱሰልዶርፉ ላይ ነን። ጋሪ እየገፋን፣ ሻንጣ እየጎተትን፣ አንድ እግሩ ባዶ የሆነ ልጅ አንጠልጥለን ወደ ሌላኛው ግማሽ ሮጥን። ጫማውን ባለቤቴ በጥርሷ ይዛ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሕግ ወጣ፦ ከልጆች ጋር ስንሄድ መንገዱ ባቡር የማይቀየርበት፣ ከሁለት ሰዓት የማይበልጥ ይሁን። ወንበር ይያዝ። ወንበር ካስያዛችሁ የፉርጎው ቁጥር ቲኬቱ ላይ ስላለ የተሳሳተው ግማሽ ላይ አትወጡም። ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ፕላትፎርሙ ላይ ያለውን ሰሌዳ እዩት፤ የእናንተ ፉርጎ በየትኛው ፊደል አካባቢ እንደሚቆም ያሳያል። እዚያው ሄዳችሁ ቁሙ። በረጅሙ አይሲኢ ፈጣን ባቡር ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጋሪ መግፋት ቀልድ አይደለም። ስታስይዙ የቤተሰብ ቦታ ወይም ለሕፃናት የተለየ ክፍል ካለ እሱን ምረጡ፤ ልጅ ቢጮህ ማንም አይገላምጣችሁም።

ወዴት? ከፍራንክፈርት ኮሎኝ፣ ከበርሊን ላይፕዚግ፣ ከሙኒክ ኑረምበርግ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ኮሎኝ ከጣቢያው ስትወጡ ካቴድራሉ ፊታችሁ ተገትሯል። ግንቡ ላይ ለመውጣት 533 ደረጃ አለው፤ ጋሪ ይዛችሁ አትሞክሩት። ኑረምበርግ የባቡር ሙዚየም አለ፣ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታም አለው። የእኔ ምርጫ ግን ሐምቡርግ ነው። ላንዱንግስብሩከን ከሚባለው ወደብ የሚነሳው 62 ቁጥር ጀልባ እንደ ከተማ አውቶቡስ ነው፤ በተራ የከተማ ትራንስፖርት ቲኬት ትሳፈራላችሁ። ትልልቆቹን መርከቦች ከሥር ሆኖ ማየት ለልጅ ከየትኛውም ሙዚየም ይበልጣል።

አሁን ገንዘቡ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ዶይችላንድቲኬት በሚባለው የወር ቲኬት ላይ ነው። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በወር 63 ዩሮ ነው። በሬጂዮናል (በየመንገዱ በሚቆመው ዝግተኛ) ባቡርና በከተማ ትራንስፖርት ይሠራል፤ አይሲኢ ላይ ግን አይሠራም። ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ በነፃ ይሄዳል። 7 ዓመት የሆነው ልጃችሁ ግን በእናንተ ዶይችላንድቲኬት አይሄድም፣ የራሱ ያስፈልገዋል። ለሬጂዮናል ከሆነ ላንደር ቲኬት ይሻላል። እስከ 5 ሰው ሆናችሁ በአንዱ ክፍለ ግዛት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ትሄዱበታላችሁ።

በፈጣኑ ባቡር ነገሩ ይገለበጣል። ከ6 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ከእናንተ ጋር ከሆኑ አይከፍሉም፤ ቲኬቱን ስትቆርጡ ግን ቁጥራቸውን ማስገባት አለባችሁ። «ነፃ ነው» ብላችሁ ከዘለላችሁት ተቆጣጣሪው ጋ ችግር ነው። ወንበራቸው ደግሞ ለብቻው ይከፈልበታል። ርካሹ ቲኬት ሽፓርፕራይስ ይባላል፤ ቀደም ብሎ የቆረጠ ያተርፋል። ነገር ግን በዚያው በተጻፈው ባቡር ብቻ ነው የሚሠራው። መድረሻችሁ ላይ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚያዘገያችሁ ከሆነ በሌላ ባቡር መሄድ ይፈቀድላችኋል። 60 ደቂቃ ከዘገያችሁ ከዋጋው 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃ ከሆነ 50 በመቶ ይመለስላችኋል። ጥያቄውን በ3 ወር ውስጥ አስገቡ። አበሻ «ይቅር፣ ምን ያጨቃጭቃል» ይላል። አይቅር፣ ሐቃችሁ ነው።

ጥገኝነት ጠይቃችሁ ገና 3 ወር ያልሞላችሁ ወይም አሁንም በመቀበያ ማዕከሉ እንድትኖሩ የታዘዛችሁ ከሆነ፣ ከተመደባችሁበት አካባቢ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋችሁ ይሆናል። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የውጭ ዜጎች ቢሮውን ጠይቁ። ሌላውም ቢሆን መታወቂያውን አይርሳ፤ ኦንላይን የተቆረጠ ቲኬት በስም ነው።

ልጁ ትምህርት ቤት የጀመረ ከሆነ ዓርብ ከትምህርት አስቀርታችሁት እንዳትሄዱ። ያለ ፈቃድ ማስቀረት ያስቀጣል። ዓርብ ከሰዓት ባቡሩ ስለሚጨናነቅ እኛ ቅዳሜ ጠዋት ነው የምንነሳው። ለማደሪያ ዩገንድሄርበርገን ሞክሩ፤ ስሙ የወጣቶች ቢሆንም የቤተሰብ ክፍል አላቸው። የአባልነት ካርድ ግን ይጠይቃሉ።

እሁድ ሱቅ ዝግ ነው። ዳይፐር ወይም ወተት ቢያልቅባችሁ ወደ ዋናው ባቡር ጣቢያ ሂዱ፣ የትልልቆቹ ጣቢያዎች ሱቆች ክፍት ናቸው። ሻንጣውንም ከሆቴል ስትወጡ እዚያው የቁልፍ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት። መመለሻው የእሁድ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት (በጀርመን ሰዓት 14:00) አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። የማታው በተማሪና በሠራተኛ ይሞላል፣ እናንተም ሰኞ ጠዋት የምትቀሰቅሱት ልጅ አለ።