ረግረግ መሬት ምን እንደሚያሰጋው ለማወቅ መጀመሪያ ውሃውን ተከተሉ

ጣና ዳር ወርዶ እምቦጩን በስልክ አንስቶ መምጣት ብዙ አይነግራችሁም። አረሙ የተንሰራፋው የሚበላው ስላገኘ ነው። ምግቡ ደግሞ ከላይ ነው የሚመጣው፤ ከእርሻ ታጥቦ የወረደ ማዳበሪያ፣ ከከተማ የወጣ ፍሳሽ። ስለዚህ ውሃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ወረቀት ላይ ሞነጫጭሩ፤ ስዕል አለመቻል ችግር የለውም። ፎገራ በኩል የርብና የጉማራ ወንዞች ደለላቸውን ይዘው ይገባሉ። መውጫው ባሕር ዳር ላይ አባይ ነው፣ እዚያ ደግሞ የሐይቁን ከፍታ የሚቆጣጠር ግድብ አለ፣ በምዕራብ በኩልም ለበለስ ኃይል ማመንጫ ውሃ ይሄዳል።

ከዚያ በእግር ነው። ነሐሴ ላይ አንዴ፣ ሚያዝያ ላይ አንዴ ሂዱ። በክረምት ብቻ ያየ ሰው ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ይመለሳል፤ ጉዱ የሚታየው ውሃው ሲሸሽ ነው። ባሕር ሸሹ (ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠው መሬት) እስከ የት ታርሷል? ውሃውን ለማድረቅ አዲስ ቦይ ተቆፍሯል? ደንገሉ (ታንኳ የሚሠራበት የውሃ ዳር ተክል) ታጭዷል ወይስ ከሥሩ ተነቅሏል? የታጨደው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ተነቅሎ የታረሰበት ግን በቀላሉ አይመለስም።

ታንኳ የሚሠሩ አዛውንት ካገኛችሁ ቁጭ በሉና ጠይቁ፦ «አባባ፣ ደንገል ዱሮ ከየት ነበር የሚያጭዱት? አሁንስ?» ዱሮ ከደጅ፣ አሁን ግማሽ ቀን ተሂዶ ከሆነ፣ ይሄ ከብዙ ሪፖርት ይበልጣል።

የውሃውን ጥራት ለማየት ነጭ ሳህን ላይ ድንጋይ አስራችሁ በገመድ ወደ ውሃው ልቀቁት። ከዓይን የጠፋበትን ጥልቀት በሜትር ጻፉ። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ይሁን። ውሃው ቡናማ ከሆነ አፈር ነው፣ አረንጓዴ ከሆነ ማዳበሪያውን ወይም ፍሳሹን ጠርጥሩ። (ጉማሬ ባለበት ከታንኳ ላይ አትሞክሩት፣ ነፍሳችሁን ነው የምትጫወቱባት።)

በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ስጋት ከ1 እስከ 3 ሁለት ነጥብ ስጡ፦ የመድረሱ ዕድል፣ እና ከደረሰ ለመመለስ ያለው ችግር። አባዙት። የእጅ አጨዳ 3 በ1፣ 3 ይሆናል። ቦይ ቆፍሮ ማረስ 3 በ3፣ 9። እምቦጭ ስለተነቀለ ብቻ ነጥቡን እንዳትቀንሱለት፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል።

ፎቶ ስታነሱ አንድ የማይነቃነቅ ዛፍ ወይም ቋጥኝ ይግባበት። በሚቀጥለው ሚያዝያ እዚያው ቆማችሁ ነው የምታነሱት።